የቡናችን ስም እንደ ማሳችን ድንበር ይጠበቅ

የንግድ ምልክት በልዩ ልዩ አገሮች እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚያዝ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ማብራሪያ

ከብት የሚያረባ ገበሬ ሁሉ ከብቱን በምልክት ያውቃል። አንዱ ጆሮውን ይበጣል፤ ሌላው ጭኑን በጋለ ብረት ይተኩሳል። ከብቱ ጠፍቶ ከሌላ ሰው መንጋ ቢገባ ምልክቱ ይመሰክራል፤ ሽማግሌዎችም ምልክቱን አይተው ለባለቤቱ ይፈርዳሉ። ነገር ግን ያው ከብት ወንዝ ተሻግሮ ምልክቱን ከማያውቁ ሰዎች አገር ቢደርስ፣ ምልክቱ በቆዳው ላይ እያለ የሚመሰክርለት ያጣል።

የእርሻ ምርት ስምም እንዲሁ ነው። ቡናው ከገበሬው እጅ በኪሎ ተሸጦ ይወጣል፤ ስሙ ግን ከቡናው ጋር ባሕር ይሻገራል። በአሜሪካ ወይም በጃፓን ሱቅ በቡና ከረጢት ላይ «ይርጋ ጨፌ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ገዢው ጨምሮ የሚከፍለው ለዚያ ስም ነው። ስሙን ጠብቆ የሚይዝ ከሌለ ጭማሪው በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ ገበሬው ደጅ አይመለስም። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን በድንበር እንደሚያስከብር፣ የምርቱም ስም በሕግ እንዲከበር ማድረግ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ያስረዳል።

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በቅንፍ የተጨመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. የንግድ ምልክት ማለት ምን ማለት ነው?

የንግድ ምልክት ማለት የአንዱን ነጋዴ ወይም ማኅበር ዕቃ ከሌላው ዕቃ የሚለይ ስም፣ ሥዕል፣ ፊደል ወይም የነዚህ ቅንብር ነው። ምልክቱ በሕግ ሲመዘገብ ባለቤቱ በዚያ ስም በዚያ ዐይነት ዕቃ ላይ ሌላ ሰው እንዳይጠቀም ለመከልከል ወይም ለመፍቀድ ሥልጣን ያገኛል።

በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው ሕግ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ምዝገባውን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. ሲቋቋም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ማኅበሮች የሚሳሳቱባቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል።

ሀ) የንግድ ፈቃድ ማውጣት የንግድ ምልክት ማስመዝገብ አይደለም። ፈቃዱ ለመነገድ ያስችላል እንጂ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስም አያስከብርም።

ለ) ዕቃው ምን እንደ ሆነ ብቻ የሚናገር ቃል የማንም የግል ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ «ጥሩ ማር» የሚለውን ስም አንድ ማኅበር ብቻውን ልያዘው ቢል አይፈቀድለትም፤ ማር የሚሸጥ ሁሉ «ጥሩ ማር አለኝ» ማለት ይችላልና። የቦታ ስምም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ክርክር ያስነሣል። ይህን ከዚህ በታች በቡናችን ታሪክ እናየዋለን።

2. በአንድ አገር የጸና ምልክት በሌላ አገር አይጸናም

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ የንግድ ምልክት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የተሰጠ የምዝገባ ወረቀት በቶኪዮ ወይም በዋሺንግተን ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ምርቱ በሚሸጥበት አገር ሁሉ ምዝገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በየአገሩ መሥሪያ ቤት ለየብቻ ማመልከት ነው። ሁሉም አገር የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ክፍያ አለው።

ሁለተኛው ለብዙ አገሮች በአንድነት በሚሠራ መሥሪያ ቤት ማመልከት ነው። ለምሳሌ ለአውሮፓ ኅብረት አንድ ማመልከቻ ቢቀርብና ቢፈቀድ፣ በኅብረቱ አባሎች በ27ቱም አገሮች ይጸናል።

ሦስተኛው የማድሪድ ሥርዓት የሚባለው ነው። ይህን የሚያስተዳድረው በጄኔቭ ከተማ ያለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። አመልካቹ በገዛ አገሩ ያለውን ምልክት መሠረት አድርጎ በአንድ ማመልከቻ፣ በአንድ ቋንቋ፣ ለብዙ አባል አገሮች ይጠይቃል። ሆኖም ማመልከቻው አንድ ቢሆንም ውሳኔው የየአገሩ ነው፤ አንዱ ሲፈቅድ ሌላው ሊከለክል ይችላል። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመቶች የአገር ቤቱ ምዝገባ ቢሰረዝ በሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቅርንጫፉ እንደሚደርቅ ማለት ነው።

በዚህ በሦስተኛው መንገድ ለመጠቀም የአመልካቹ አገር የስምምነቱ አባል መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ ማኅበር ወይም ዩኒየን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የትኛው መንገድ ለሱ ክፍት እንደ ሆነ ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

3. የሲዳሞ፣ የይርጋ ጨፌና የሐረር ቡና ታሪክ

ይህን ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የራሳችን ቡና ያሳለፈው ክርክር ነው።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. (2001–2002) የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። በዚያው ጊዜ ግን የሲዳሞ፣ የይርጋ ጨፌና የሐረር ቡና በውጭ አገር ሱቆች በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን በተደረገ ግምት፣ ሸማቹ ከሚከፍለው የችርቻሮ ዋጋ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሰው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ብቻ ነበር። ቡናው የኛ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ የሚያስገኘውን ትርፍ ሌሎች ይካፈሉት ነበር።

ይህን በማየት የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አማካይነት ሦስቱን ስሞች በውጭ አገር ለማስመዝገብ ተነሣ። የጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር አቶ ጌታቸው መንግሥቴ በሥራው ግንባር ቀደም ነበሩ። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የማድሪድ ሥርዓት አባል ስላልነበረች ለየአገሩ ለየብቻ ማመልከት ግድ ሆነ። ለአሜሪካ ማመልከቻው የገባው በ1997 ዓ.ም. (2005) ነው። ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለካናዳና ለጃፓንም እንዲሁ ቀረበ።

ሀ) በአሜሪካ የሆነው

«ይርጋ ጨፌ» በነሐሴ 1998 ዓ.ም. (2006) ተመዘገበ። በሁለቱ ላይ ግን እንቅፋት ተነሣ።

«ሲዳሞ»ን በሚመለከት፣ ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ረጅም ስም ከኢትዮጵያ አስቀድሞ፣ በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በምዝገባ ሥራ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ማመልከቻ የዚያን ውሳኔ መጠበቅ ነበረበት። ኩባንያው ማመልከቻውን በ1998 ዓ.ም. ተወው።

ሁለተኛው እንቅፋት ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር የመጣ ተቃውሞ ነበር። የመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መርማሪዎችም «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የቡናው መለያ ሳይሆኑ ቡናው የተገኘበትን ቦታ ወይም የቡናውን ዐይነት የሚናገሩ ቃላት ናቸው በማለት አልተቀበሉም።

ኢትዮጵያ ግን በዚህ አልቆመችም። በሕግ ዐዋቂዎች አማካይነት ማስረጃ አሰባስባ ተከራከረች። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ቃሉ በመጀመሪያ የቦታ ስም ቢሆንም፣ በብዙ ዘመን ንግድ ገዢዎች ስሙን ሲሰሙ የሚያስቡት ካርታ ላይ ያለውን ቦታ ሳይሆን ልዩ ጣዕም ያለውን የኢትዮጵያ ቡና ነው፤ ስለዚህ ስሙ መለያ ሆኗል። ይህ ክርክር በመጨረሻ ተቀባይነት አግኝቶ ሁለቱም ስሞች ተመዘገቡ።

በመካከሉ ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ጉዳዩን ለዓለም ሕዝብ አሰማ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. (2007) ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት ኩባንያው የስሞቹን ባለቤት አውቆ በፈቃድ ሊሠራባቸውና ቡናውን ሊያስተዋውቅ ፈረመ።

ለ) በጃፓን የሆነው

በጃፓን «ሲዳሞ» እና «ይርጋ ጨፌ» በ1998 ዓ.ም. (2006) ተመዝግበው ነበር። ነገር ግን የጃፓን የቡና ማኅበር ምዝገባው ይሰረዝ ብሎ ከሰሰ፤ መሥሪያ ቤቱም በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰረዘው። ኢትዮጵያ ይግባኝ አለች። የጃፓን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2002 ዓ.ም. (2010) ስሞቹ መለያ ለመሆን እንደሚበቁ ፈረደ። ሆኖም ምዝገባው የሚጸናው በእርግጥ ከስፍራው ለተገኘ የኢትዮጵያ ቡና ብቻ እንዲሆን ወሰነ።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በአንድ አገር የተፈቀደው ስም በሌላው አገር ሊከለከል ይችላል። ሦስተኛ፣ የምዝገባ ወረቀት መያዝ የሥራው መጨረሻ አይደለም፤ ከተመዘገበ በኋላም የሚቃወም ሊነሣ ይችላልና።

4. ለምን የንግድ ምልክት ተመረጠ?

አንዳንድ አገሮች የምርታቸውን ስም የሚጠብቁት በሌላ መንገድ ነው። ይኸውም ምርቱ ከተወሰነ ቦታ መገኘቱንና በተወሰነ ደንብ መዘጋጀቱን እየመረመሩ ማረጋገጫ በመስጠት ነው። ይህ መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጆንያ ከማሳው እስከ መርከቡ የሚከታተል ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ ቡና የሚመረተው አራት ሚሊዮን ያህል በሚሆኑ ትንንሽ ማሳዎች ነው ተብሎ ይገመታል። ብዙው ቡና ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ወደ ላኪው እየተላለፈ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ላይ መርማሪ ማቆም ወጪውን በገበሬው ትከሻ ላይ መጣል ይሆን ነበር። ስለዚህ መንግሥት የስሞቹ ባለቤት ሆኖ፣ ለውጭ አገር አስመጪዎችና ቡና ቆልተው ለሚሸጡ ኩባንያዎች ፈቃድ የመስጠት መንገድ ተመረጠ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ኮሚቴም ተቋቁሞ በሥራው ተሳተፈ።

ፈቃዱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነበር። «ታዲያ ምን ተጠቀምን?» የሚል ገበሬ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም የሚከተለው ነው። ፈቃድ የወሰደው ኩባንያ ስሙን በከረጢቱ ላይ በግልጽ ሊጽፍና ቡናውን ሊያስተዋውቅ ውል ይገባል። ስሙ በብዙ ገዢዎች ዘንድ ሲታወቅ ቡናው በይበልጥ ይፈለጋል፤ ይበልጥ የሚፈለግ ዕቃ ያለው ሻጭም ዋጋ ለመከራከር ዐቅም ያገኛል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። የዓለም ገበያ ሲወድቅ የኛም ዋጋ ይነካል። ምልክቱ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን ጥራት ያለው ቡናና በአንድነት የሚሸጥ ማኅበር ነው።

5. አንድ ማኅበር ስሙን ለማስመዝገብ የሚከተለው ቅደም ተከተል

ይህ ጉዳይ የቡና ብቻ አይደለም። አንድ የማር አምራቾች ማኅበር ማሩን በብልቃጥ አሽጎ ወደ ውጭ አገር ለመላክ አሰበ እንበል። ሥራውን እንደሚከተለው ያከናውናል።

1ኛ) ስሙን መምረጥ። ስሙ ከሌሎች የተለየ፣ ለመናገር የማያስቸግር፣ ሸማቹንም የማያሳስት ይሁን። ስለ ምርቱ ዐይነት ብቻ የሚናገር ቃል አይምረጥ።

2ኛ) ስሙ ያልተያዘ መሆኑን ማጣራት። በአገር ቤትም ምርቱ በሚላክበት አገርም ተመሳሳይ ስም መኖሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ይህን ሳያደርግ ብዙ ሺሕ ወረቀት ያሳተመ ማኅበር ወረቀቱን ለማቃጠል ይገደዳል።

3ኛ) የፊደሉን አጻጻፍ መወሰን። ስማችን በግዕዝ ፊደል አንድ ሆኖ ሳለ በላቲን ፊደል በብዙ ዐይነት ይጻፋል። የሐረር ስም በአንድ «ር» እና በሁለት «ር» እየተጻፈ በገበያ ላይ ይታያል። በጃፓንም ስሞቹ በአገሩ ፊደል ጭምር ለምዝገባ ቀርበዋል። ማኅበሩ በገበያ ላይ የሚጠቀምበትን አጻጻፍ ወስኖ በዚያው ያስመዝግብ፤ በኋላም አይለዋውጥ።

4ኛ) የዕቃውን መደብ መለየት። ዕቃና አገልግሎት ሁሉ ኒስ በሚባለው ስምምነት መሠረት በ45 መደቦች ተከፍሏል። ቡና፣ ሻይና ማር በ30ኛው መደብ ይገኛሉ። ምልክቱ የሚከበረው በተጠየቀበት መደብ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከማር ሌላ የሰም ሻማ ለመሸጥ የሚያስብ ከሆነ፣ ሻማ በሌላ መደብ ስለሚገኝ ይህን አስቀድሞ ያስታውቅ።

5ኛ) በማን ስም እንደሚመዘገብ መወሰን። ይህ ታላቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምልክቱ በማኅበሩ ስም እንጂ በሊቀ መንበሩ ወይም በውጭ አገር ወኪሉ ስም መመዝገብ የለበትም። ወኪሉ በራሱ ስም ካስመዘገበውና በኋላ ጠብ ቢነሣ፣ ማኅበሩ በገዛ ስሙ ማሩን ለመሸጥ ሊከለከል ይችላል።

6ኛ) በአገር ቤት ማመልከት። ከምርመራ በኋላ ጉዳዩ በማስታወቂያ ይወጣል። የሚቃወም ካለ በተወሰነው ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ተቃዋሚ ከሌለ ወይም ተቃውሞው ከወደቀ የምዝገባ ወረቀት ይሰጣል።

7ኛ) ምርቱ በሚሸጥበት አገር ማመልከት። ማኅበሩ የዓለምን አገር ሁሉ ማዳረስ አያስፈልገውም፤ ዐቅሙም አይፈቅድለትም። አሁን በሚሸጥበትና በቅርብ ዓመቶች ለመሸጥ ባሰበበት አገር ይጀምር። በብዙ አገር የውጭ ሰው ማመልከት የሚችለው በአገሩ የሕግ ወኪል አማካይነት ነው። ከ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ በአሜሪካም እንዲሁ ሆኗል። የወኪሉ ክፍያ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ክፍያ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ።

6. ከተመዘገበ በኋላ እንዴት ይያዛል?

የተተከለ ቡና ካልታረመና ካልተገረዘ እንደማያፈራ፣ የተመዘገበም ምልክት ካልተጠበቀ ይጠፋል። ጥበቃው አራት ነገሮችን ይመለከታል።

ሀ) ዕድሳት። በኢትዮጵያ አንድ ምዝገባ የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ኅብረት፣ በጃፓንና በካናዳ 10 ዓመት ነው። በአሜሪካ ግን ከምዝገባው በኋላ በ5ኛውና በ6ኛው ዓመት መካከል ምልክቱ በሥራ ላይ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ምዝገባው ይሰረዛል። ቀኖቹ በየአገሩ ስለሚለያዩ ማኅበሩ በአንድ መዝገብ ላይ አገሩን፣ የምዝገባውን ቁጥር፣ የተመዘገበበትን ቀንና የሚታደስበትን ቀን ይጻፍ። መዝገቡም በጸሐፊው ቤት ሳይሆን በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ።

ለ) በሥራ ማዋል። ተመዝግቦ ሥራ ላይ ያልዋለ ስም እንደ ጦም አዳሪ መሬት ነው፤ ሌላው ይመኘዋል። በጃፓን 3 ዓመት፣ በአውሮፓ ኅብረት 5 ዓመት ያለ ማቋረጥ ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የከረጢት ናሙናና የመላኪያ ሰነድ እየተሰበሰበ ለማስረጃ ይቀመጥ።

ሐ) መከታተል። ስሙን ያለ ፈቃድ የሚጠቀም ሲገኝ ወይም የሚመስል ስም ለማስመዝገብ የሚያመለክት ሲመጣ፣ በጊዜው መቃወም ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞ በደብዳቤ ማስታወቅ ይበቃል፤ ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል።

መ) የአገሮችን ለውጥ ማወቅ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ፣ በኅብረቱ የተመዘገቡ ምልክቶች ከጥር 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በብሪታንያ ለብቻቸው እንዲቆጠሩ ሆነ። ስለዚህ አንድ የነበረው ዕድሳት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ባለ ምልክት አንዱን አድሶ ሌላውን ሊያጣ ይችላል።

7. የገበሬው ድርሻ

ይህ ሁሉ በጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤት የሚሠራ ነው። ስሙን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ግን በማሳው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ገዢው አንድ ጊዜ በስሙ ተማምኖ ገዝቶ ሻጋታ የሚሸት ቡና ቢቀምስ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስሙን ራሱን ይሸሻል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ያ አንድ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ስም የሚሸጠው አገር ሁሉ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል።

— ቀይ የበሰለውን እሸት ብቻ መልቀም፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አለመቀላቀል።
— ለመታጠብ የሚሄደውን እሸት በተለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ማድረስ።
— ጀንፈሉን በመሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ፤ እየደጋገሙ ማገላበጥ፤ ከዝናብና ከጤዛ መሸፈን።
— በደንብ ሳይደርቅ አለማከማቸት። የቡናው እርጥበት ከመቶ ከ11 እስከ 12 ሲሆን ለማስቀመጥ ይስማማል።
— ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት በነበረበት ጆንያ ቡና አለመጨመር።
— ከሌላ አገር የመጣን ቡና በራስ አገር ስም አቀላቅሎ አለመሸጥ። የጃፓን ፍርድ ቤት ምልክቱ የሚጸናው ከስፍራው ለተገኘ ቡና ብቻ ነው ማለቱን አስታውሱ። የሚቀላቅል ሰው ሚዛን ቢያተርፍም የራሱን ስም ያረክሳል።

8. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በስብሰባ ስታቀርቡ በሕግ ቃል አትጀምሩ። በከብቱ ምልክት ወይም በማሳው ድንበር ጀምሩ። ከተገኘም በውጭ አገር የተሸጠ ባዶ የቡና ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና ስሙ የተጻፈበትን ስፍራ አሳዩ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እኔ ያለኝ ግማሽ ሄክታር ቡና ነው፤ የአሜሪካ ወረቀት ለኔ ምኔ ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። እንዲህ ብላችሁ መልሱ፦ «አባቴ፣ ወረቀቱ ብቻውን ምንም አይደለም። ነገር ግን ወረቀቱ ባይኖር ሌላ ሰው በስማችን ተመዝግቦ፣ የራሳችንን ቡና በራሳችን ስም እንዳንሸጥ ሊከለክለን ይችል ነበር። አሁን ስሙ በእጃችን ነው። የሚቀረው እርስዎና ጎረቤቶችዎ ቡናውን አሳምራችሁ በማኅበር እንድትሸጡና ማኅበሩን ዋጋውን እንድትጠይቁት ነው።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ሳይነገር መቅረት የለበትም። የማኅበሩ አባል ቡናው በምን ስም፣ ለማን፣ በምን ዋጋ እንደ ተሸጠና ከትርፉ ምን ያህል እንደሚከፈለው በጠቅላላ ጉባኤ የመጠየቅ መብት አለው። ስሙ ያመጣው ጭማሪ በማኅበሩ ካዝና ወይም በመካከለኛ ሰው ኪስ ቢቀር፣ የምዝገባው ድካም ለገበሬው ከንቱ ይሆናል።

በአጭሩ

የንግድ ምልክት በተመዘገበበት አገር ብቻ ይሠራል፤ ስለዚህ ምርታችሁ በሚሸጥበት አገር አስመዝግቡ። ቀድማችሁ አመልክቱ። በማኅበሩ ስም አስመዝግቡ። የዕድሳቱን ቀን በመዝገብ ያዙ። በስሙ ሥሩበት፤ የሚነጥቅ ሲመጣ በጊዜው ተቃወሙ። ከሁሉም በላይ በስሙ የሚሸጠው ምርት ለስሙ የሚበቃ ይሁን።

አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የቡናችንን ስም ብዙ ትውልድ በለቀመውና ባደረቀው ቡና አቁሞ አስረክቦናል። እኛም በማሳችን በንጽሕና እየሠራን፣ በየአገሩ በሕግ እያስከበርን፣ ለልጆቻችን ሳይጎድል እናስረክብ።